ሰርኬ የፈለጉት ፒፓ

ጡረታ የወጡት አናጺ አቶ ወልደሰንበት ትንባሆ አጭሰው አያውቁም፤ ፒፓ ግን ይሰበስባሉ። የሚወዱት ዴንማርኮች በእጃቸው የሚቀርጹትን ነው። ቀራጩ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ አንዱ ሌላውን አይመስልም።

ባለፈው ክረምት ጦር ኃይሎች አካባቢ ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ አገኙ። ቤቴል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ወስደው ውስጡን በአልኮል አጠቡ፤ ላዩን በሰም ወለወሉ። በሚጎረሰው ጫፍ ላይ ያሉትን ጭረቶች በማግስቱ ሊሞርዱ አሰቡ።

በማግስቱ ግን ወይዘሮ ሰርኬ የሚባሉ ሴት በራቸውን አንኳኩ። ፒፓው የሟች ባላቸው ነበር። ልጃቸው ሳያማክራቸው ስለሸጠው አሮጌ ዕቃ ሻጩን ጠያይቀው ነው የመጡት። ገብተው ሲቀመጡ ወልደሰንበት ፒፓውን ሰጧቸው፤ ሴትየዋም ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«አጠቡት እንዴ?»

«አዎ እመቤቴ። ምነው ባልነካሁት ኖሮ።»

ሴትየዋ ሲዳስሱት ቆዩና ጣታቸው ጭረቶቹ ላይ ቆመ።

«ጥርሱ እዚህ አለ» አሉ። «ሐሳብ ሲገባው ይነክሰው ነበር።»

ወልደሰንበት ፒፓውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው መለሱላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቀራጮቹ እንጂ ስላጨሱት ሰዎች አስበው አያውቁም ነበር።

«ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁ።

ወይዘሮ ሰርኬ ለመሄድ ተነሥተው ነበር፤ ተመልሰው ተቀመጡና ያወሩላቸው ጀመር።