ለልቅሶ የቸኮሉት ጋሼ ዳኘው

አይናለምን በነርስነቷ ያስመረራት ደም አይደለም፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ነው። እስራኤል፣ ቂርያት መላኺ ባለው ክሊኒክ ፈረንጁ ጣቱ ሲላጥ ይጮኻል፤ የኛ ሰው ጎኑ ተሰብሮም ቢሆን መጀመሪያ የቤተሰብ ጤና ይጠይቃል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዳኘውን ሚስታቸው ሙሉሸዋ እየገፋች አስገባቻቸው። ጠዋት ከገበያ ሲመለሱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገጭቷቸው እጀታው ከግራ ጎድናቸው ሥር ወግቷቸዋል። ውጭ ለቀስተኛ የጫነ ሚኒባስ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸዋል፤ ያቭኔ ከተማ ልቅሶ አለባቸው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ ይተኙ።»

«አባትሽስ?»

«እሱም ደህና ነው። ጋሼ፣ ሕመሙ ከአንድ እስከ አስር ስንት ይሆናል?»

«ሁለት በይው።»

ሁለት ያለ ሰው ግንባሩ በቀዝቃዛ ላብ አይጠመቅም። የደም ግፊታቸው ገና አልወረደም፤ የልብ ምታቸውም አልፈጠነም። አይናለም ግን ቁጥሩን አላመነችውም፤ የሚውጡት የግፊት ክኒን ልብን እንደሚያዘገይ ታውቃለች። ጥፍራቸውን ተጭና ስትለቀው ቶሎ አልቀላም። ሆዳቸው እንደ ጠረጴዛ ደርቋል። ያላየች መስሏቸው ግራ ትከሻቸውን ያሻሉ። ከጎድን ሥር ተመትቶ ግራ ትከሻ ሲያም ጣፊያ ነው፤ ወደ ውስጥ እየደሙ ነው። ሐኪሟ ናአማ አንዴ ዳስሳቸው አምቡላንስ ልትጠራ ሮጠች።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ጨረስሽ?» ጋሼ ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጋሉ።

«ከተነሱ ይወድቃሉ።»

«ቀብሩ አምልጦኛል፣ ልቅሶውም ይቅር? ሰው ምን ይለኛል?»

«ከሄዱ ነገ ሰዉ ሌላ ድንኳን ይተክላል።»

«ምላሰኛ ናት» አሉ ለሚስታቸው።

«እውነቷን ነው» አለች ሙሉሸዋ።

ጋሼ አንድ እግራቸውን መሬት አስነኩ። አይናለም በልመና እንደማይሆን ገባት። ሙሉሸዋን «ትከሻቸውን ያዢልኝ» ብላ ወጣችና የሚኒባሱን መስኮት ቆረቆረች። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌው አባ ያለው ነበሩ።

«አባ፣ ይውረዱልኝ። ጋሼ ዳኘው ሆዳቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፣ ልሂድ ይላሉ።»

«እኔ ሐኪም ነኝ?»

«ይዘዙልኝ ብቻ።»

አባ ያለው ወርደው የክፍሉ በር ላይ ቆመው በምርኩዛቸው ወደ አልጋው ጠቆሙ። «ዳኘው፣ ተኛ። ልቅሶህን እኔ እደርስልሃለሁ።»

ዳኘው ተኙ። እሷ ስትለምን የቆየችውን፣ አባ ያለው በአንድ ቃል! አይናለም ጥርሷን ነክሳ መርፌውን ክንዳቸው ላይ አስገባች፣ ብርድ ልብስ ደረበችላቸው። አምቡላንሱ ደርሶ ከሙሉሸዋ ጋር ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ሚኒባሱም ወደ ያቭኔ በመሄድ ፋንታ ከኋላው ተሰለፈ። ሮጣ ፊቱ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ዳኘውን ብቻውን እንላከው?» አለ ሾፌሩ።

«ሚስታቸው አለች። ያላ፣ በሉ፣ ወደ ልቅሷችሁ!»

አመሻሹ ላይ ሙሉሸዋ ደወለች። ጣፊያቸው ወጥቷል፣ ጋሼ ተርፈዋል።

«ተመስገን» አለች አይናለም። «ምንድን ነው ይሄ ጫጫታ?»

«ከያቭኔ ልቅሶው በሙሉ ሆስፒታል መጣ። እዚህ ያለችው ነርስ ዘመድ ብቻ ይቆይ ትላለች፤ ሁሉም ዘመድ ነኝ ይላል።»

አይናለም ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስልኩን ለአባ ያለው ስጫቸው» አለች።