ሐጂ ያልማሉለት ፒስተን

ሐጂ መሐላ ያበዛሉ። ኮምቦልቻ ያለው ጋራዣቸው ውስጥ ሻይ ሲጋብዙኝ እንኳ «ወላሂ ትኩስ ነው» ይላሉ። በዚህ ስንት ጊዜ እንደቀለድኩባቸው አላስታውስም። የዚያን ቀን ግን ያዳነን ይኸው አመላቸው ነው።

የሄድኩት የአባቴን መኪና ሞተር አይቼ ልረከብ ነው። መኪናዋ ባለ ስምንት ፒስተን፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ የአሜሪካ መኪና ናት። አባቴ በጎረምሳነቱ አስመራ ገዛት፤ እናቴንም ከኮምቦልቻ ሙሽራ አድርጎ ደሴ ያስገባት በእሷ ነው። ኋላ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ሐረጎ ዳገት ላይ ጭሳ ጭሳ ቆመችና ተጎትታ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ግቢያችን ገባች። እናቴ ስትቀበርም እዚያው ቆማ ነበር። ዘንድሮ እግሩ እምቢ እያለው ሲመጣ አባቴ፣ «ሐረጎን አንዴ ልውጣባት፤ ከዚያ ጌታ እንደፈቀደ» አለ። መኪናዋን ወደ ሐጂ ጋራዥ አስጎትቼ አወረድኳት።

ሞተሩ ከመኪናዋ ወርዶ ብረት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል፤ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። እኔን ቀለም አያታልለኝም፤ ልጅነቴ ለአባቴ መፍቻ በማቀበል ነው ያለቀው። አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።

«የዘይት ፓምፑስ?»

«ወላሂ አዲስ ነው።»

«ቫልቮቹስ?»

«ወላሂ በገዛ እጄ ነው የገጠምኳቸው።»

«ፋሻዎቹስ?» አልኩ፤ ፒስተኑን የሚያቅፉትን ቀለበቶች ማለቴ ነው።

«ኢንሻአላህ ደህና ናቸው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ለሻይ የሚምሉ ሰው ለፋሻ መማል አቃታቸው። «ሐጂ፣ እስቲ ይማሉልኝ» አልኩ። ጨርቅ አንስተው የተወለወለውን ሞተር እንደገና ይወለውሉ ጀመር።

ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች አስፈታሁ። እሳቸው ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያሉ ሲያዞሩ፣ እኔ የካንዴላ ቀዳዳዎቹን በየተራ በአውራ ጣቴ ደፈንኩ። የታመቀው አየር ጣቴን እየገፋ ያስለቅቀኛል። ስድስተኛው ላይ ግን የተሰማኝ እፍ የማለት ያህል ብቻ ነው።

«አንዱ ፋሻ ሳስገባው እጄ ላይ ተሰበረ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሮጌውን መለስኩት። አባትሽ በየቀኑ እየደወሉ መቼ ነው፣ መቼ ነው ሲሉኝ፣ ለአንድ ዳገት ይበቃል ብዬ ነው። አፉ በይኝ ልጄ።»

ተናደድኩ። ይበልጥ ያናደደኝ፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል ብዬ ለአፍታ ማሰቤ ነው። አባቴ የሚፈልገው አንድ ዳገት ብቻ ነው። ቢሆንም ያቺ መኪና እዚያው ዳገት ላይ ዳግመኛ ስትጨስበት እንዲያይ አልፈቅድም።

«ይፈታ» አልኩ። «አዲሱ ፋሻ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ሲጨርሱ ደውለው ይማሉልኝ።»

ደሴ ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት።

«እስከዚያ ብሞትስ?» አለኝ።

«አትሞትም። ይልቅ ለሐጂ መደወሉን ተው» አልኩትና ፊቴን እንዳያይ ፈጥኜ ወደ ቤት ገባሁ። ፈርቼ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «ወላሂ» አሉ።

ሞተሩ መኪናዋ ላይ ከተገጠመ በኋላ አባቴን በሚኒባስ ኮምቦልቻ አወረድኩት። ወደ ደሴ ስንመለስ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ጎኔ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ጭስ ይፈልጋል። ያኔ የቆመችበት ኩርባ ጋ ስንደርስ ክንዴን ጨመቅ አድርጎ ያዘኝ።

«እዚህ ጋ ነበር» አለ።

ማርሽ ቀነስኩ፤ መኪናዋ ዳገቱን ይዛ ወጣች። አባቴ ወደ ፊት ዞረ፤ እጁን ግን ከክንዴ ላይ አላነሳም።

«እናትሽም የሠርጋችን ቀን እንዲህ ነበር የያዘችኝ» አለ።