ለማይሰማ ሰው የሚሆን ስልክ

ከቡታጅራ የወጣሁት ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጮሃል፤ እናቴ ደግሞ ከአውቶቡሱ በላይ ትጮሃለች። ቆጮ በፌስታል፣ በሶ በፌስታል፣ ሚጥሚጣ በፌስታል በመስኮት እያቀበለች «ናይሮቢ ሚጥሚጣ የለም አሉ» ትላለች። ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ራቅ ብሎ ቆሟል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ መራመድ ሳልጀምር ማጅራት ገትር ይዞት ዳነ፤ መስማቱ ግን አልተመለሰለትም። ስለዚህ እኛ ቤት ወሬ ሁሉ በእጅ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ምልክት እንዳይመስላችሁ፤ እኛው እየፈጠርን፣ እየተሳሳቅን ያጠራቀምነው ነው። ለጎመን ምልክት አለን፣ ለቀበሌ አለን፣ ልብሱን አሰፍቶ ለሚጠፋ ደንበኛም አለን (እሱኛውን እዚህ አልጽፈውም)።

አውቶቡሱ ሳይነሳ ወርጄ ተጠጋሁትና «በመሄዴ አልተቀየምከኝም አይደል?» አልኩት በእጄ። ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ አባት ቢሆን በር ወርውሮ ይዘጋ ነበር፤ የእኔ አባት ዓይኑን ከጨፈነ ግን በቃ፣ ማንም ምንም ሊነግረው አይችልም። ጉንጩን ስሜ፣ የምጠቀምበትን ወፍራም ስልኬን እጁ ላይ አስቀምጬለት ተመልሼ ተሳፈርኩ።

በዝዋይ አድርገን፣ ሐዋሳን አልፈን ሞያሌ ገባን። ኬንያ በኩል ያለው የኢሚግሬሽን ሰውዬ አማርኛ ይሞካክራል። ቦርሳዬን ሲበረብር ትልቁ የልብስ መቀሴ ወጣ።

«ለምን መጣሽ?»

«ለጉብኝት።»

«ጎብኚ ይህን የሚያክል መቀስ ይዞ ይዞራል?»

«ፀጉሬን እከረክምበታለሁ።»

መቀሱን አየ። ፀጉሬን አየ። «ይህ የዝሆን ፀጉር መከርከሚያ ነው» አለ። «ዝሆን ለመጎብኘት ከሆነ እሺ፣ ካሪቡ» ብሎ ማህተሙን መታልኝ። ካሪቡ እንኳን ደህና መጣሽ ማለት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሰደበኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ናይሮቢ የሐበሻ ቀሚስ ስፌት ቤት ያላት አንዲት የእንድብር ሴት ቀጠረችኝ፤ ወረቀቴንም እየሮጠች የጨረሰችልኝ እሷ ናት። ሥራው ያው የአባቴ ሥራ ነው፤ የከበደኝ ሌላው ነገር ነው። ኡጋሊ የሚሉት ነጭ የበቆሎ ገንፎ አላቸው፣ ቆረስ እያደረጉ በእጅ ይበሉታል። ቆጮ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፤ ምላሴ ግን አልተታለለም። ጎመናቸው ሱኩማ ዊኪ ይባላል፤ ቅቤ አያውቅ፣ አይብ አያውቅ፣ እንደኔው ብቻውን ነው የሚኖረው። ሰዉ ጨዋ ነው፤ ሰላምታው ግን አጭር ነው። «ሳሳ?» ይሉሃል፣ «ፖዋ» ትላለህ፣ አለቀ። ከብቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡ እንዴት ነው የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ጎረቤቴን በእኛ ልማድ ጠይቄው ማታቱው አመለጠው። ማታቱ ታክሲያቸው ነው፤ ሙዚቃው ከሞተሩ ይበልጣል።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፣ እዚህ ገጽ ላይ ያላችሁ ሁሉ «ለቤተሰብ የትኛውን ልላክ?» እያላችሁ ስለምትጨነቁ።

ለአባቴ የተውኩት ወፍራሙ ስልክ ብዙ ሙያ ነበረው። ባትሪው መብራት ጠፍቶ ሲውል እንኳ አይደክምም። ሲወድቅ የሚያሳዝነው ወለሉ ነው። ስደውልለት ፍላሹ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ንዝረቱማ አይወራ፣ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ካለ መቀሱንም ክሩንም አብሮ ያስጨፍራል። ለማይሰማ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዱ ካሜራው ነበር። ፊት ሲታይ ደህና ነው፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ግን ጣቶቹ ተቀላቅለው እንደ ቀለጠ ቅቤ ይሆናሉ። እኛ ደግሞ የምንነጋገረው በጣት ነው። አንድ ቀን አባቴ «እናትሽ በርበሬ ልታስፈጭ ሄደች» ሲለኝ እኔ «እናትሽ ልታገባ ሄደች» ብዬ አነበብኩት። «ማንን?» አልኩት ደንግጬ። «ባለ ወፍጮውን ነዋ!» አለኝ፤ እሱ ማን ጋ ልታስፈጭ እንደሄደች የጠየቅኩት መስሎታል። ያን ቀን አልቅሼ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ ወሬውን እስከ ዛሬ ለጎረቤት ታወራዋለች።

ወንድሜ ተካ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል። እሱን አማከርኩት።

«ለአባዬ የትኛው ይሻላል?»

«አዲስ የወጣው ቀጭኑ» አለኝ ሳያስብ። «ካሜራው የእጁን መስመር ሳይቀር ያሳይሻል። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ይታያል። ፈጣን ነው፣ አይንተፋተፍም።»

«ባትሪውስ?»

«ባትሪው ስስ ነው።»

«መስታወቱስ?»

«መስታወቱም ስስ ነው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ወፍራም?»

«ዋጋው።»

«የወፍራሙን አዲስ ሞዴል ብልክለትስ?»

«እሱማ ድንጋይ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ከጉብሬ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ተማሪዎች ሁሉ ወፍራሙን ቢይዙ ኖሮ እኔ ሱቄን ዘግቼ ወፍጮ ቤት እከፍት ነበር። ካሜራው ግን ያው ነው፣ ሰውን ገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለ ያስመስለዋል።»

ከሥራ ጓደኞቼ ግማሾቹ ባትሪ አሉ፣ ግማሾቹ ካሜራ አሉ፤ አንዷ ደግሞ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አለች። እኔ የአባቴን ጣት ማየት ነው የፈለግኩት። ቀጭኑን ገዛሁና ወደ አገር በምትገባ ሴት ላክሁት። ተካ ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ ሄዶ አስተካከለለት።

የመጀመሪያ ቀን አባቴ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ቅንድቡ ላይ ሽበት ወጥቷል፤ በወፍራሙ አይታይም ነበር። እሱም ትክ ብሎ አየኝና የመጀመሪያ ቃሉ «ወፍረሻል» የሚል ሆነ።

«ካሜራው ነው» አልኩት።

«ካሜራው ጥሩ ነው ብሎኛል ተካ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ጠፋ። በምሳ ሰዓት እደውላለሁ፣ አይነሳም። ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ፣ አይነሳም። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። እናቴን በስልኳ ስጠይቃት «ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ይበላል» ትለኛለች። እኔ ግን ያ አውቶቡስ አጠገብ የተጨፈነው ዓይን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እስካሁን ለእናቴ ብሎ ሲያናግረኝ ቆይቶ አሁን ቁርጡን ነገረኝ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ቀሚስ ስሰፋ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁትና አሠሪዬ «ሐና፣ ይህን የምትለብሰው ሙሽራ እጇ ወደ ኋላ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አንድ እሑድ እናቴ ከቸርች ስትመለስ ደወለችልኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ አባቴ የሚሰማ ይመስል።

«ሐንዬ፣ አባትሽን ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ? እሱ አይደል እንዴ የማያነሳው!»

«እሱማ የሚለው ሌላ ነው። ስልክ ላከችልኝና ፊቷን ከለከለችኝ ይላል። ደውልላት ስለው፣ የሄደችው እሷ፣ የምትደውለው እሷ ይለኛል። ማታ ማታ ያንን ስልክ በጨርቅ ይወለውልና መልሶ ያስቀምጠዋል።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ እዚህ ተቀየመኝ ብዬ ሳለቅስ እሱ እዚያ ረሳችኝ ብሎ መስታወት ይወለውላል።

ተካ በማግስቱ ቡታጅራ ሄደ። ምሥጢሩ የራሱ ሥራ ነበር። የቀጭኑ ባትሪ ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ኃይል መቆጠቢያውን ከፍቶት ነበር፤ መቆጠቢያው ደግሞ ንዝረቱን ዘግቶ የቪዲዮ ጥሪውን አስተኝቶታል። አባቴም ኮርቶ ስልኩን ስላልከፈተው ያመለጡትን ጥሪዎች አላየም። ተካ አስተካክሎ ሲሞክረው አሁንም አባቴ አልተሰማውም። የቀጭኑ ንዝረት ዝንብ ኮት ላይ የምታርፍ ያህል ነው፤ መኪናውን እየረገጠ የሚሠራ ሰው ከየት ይለየዋል?

«ታዲያ ወፍራሙን ይያዝ?» አልኩት ተካን።

«ጣቱስ?» አለኝ።

መላውን ያመጣው ራሱ አባቴ ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ወፍራሙን አወጣና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ቀጭኑን ደግሞ ግድግዳው ላይ በሠራለት የጨርቅ ኪስ አቆመው። «ይኼኛው ይጠራኛል» አለኝ ደረቱን መታ መታ አድርጎ፣ «ያኛው ያሳየኛል።» ከዚያ ወዲህ በወፍራሙ ሚስኮል አደርግለታለሁ፣ ደረቱ ሲንቀጠቀጥ ወደ ቀጭኑ ይዞራል። ስለዚህ የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኛ ቤት አንዱ ብቻውን ሰው አልሆነም።

የናፈቅነውን ሁሉ በአንድ ሰሞን ተነጋገርነው። የቤት አከራዬ ማማ ዋምቡይ በመስኮቴ አጠገብ ስታልፍ እጄን ሳወናጭፍ አይታኝ ኖሮ በሬን አንኳኳች።

«ትናንት ከማን ጋር ነበር የምትጣዪው?»

«ከአባቴ ጋር። አልተጣላንም፣ ስለ በግ ነው ያወራነው።»

«ድምፅ አልሰማሁም።»

«አባቴ አይሰማም።»

«ሌሎቹም ተከራዮቼ ከአባታቸው ጋር እንዲህ ቢያወሩ» አለች፣ «እኔም በሰላም እተኛ ነበር። ፖሌ፣ ልጄ።» ፖሌ አይዞሽም ነው፣ ይቅርታም ነው፤ የትኛውን እንዳለችኝ አላወቅኩም።

ባለፈው ሳምንት አሠሪዬ ሞምባሳ ሁለተኛ ስፌት ቤት ልትከፍት መሆኑንና እኔ እንድይዘው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እሺ ካልኩ ለመስቀል አገሬ አልገባም፤ ምናልባት ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ። ለአባቴ ሚስኮል አደረግኩለትና ብቅ ሲል ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ «ልምጣ ወይስ ልቆይ?» አልኩት።

አባቴ የያዘውን ሱሪ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቀኝ እጁን አነሳ፣ ጣቶቹን ዘረጋ። እኛ ቤት «ነይ» እና «ቆዪ» ሁለቱም የሚጀምሩት ከዚያ ነው፤ አንዱ ወደ ደረት ይታጠፋል፣ አንዱ ወደ ታች ይወርዳል። ኔትወርኩ እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

ምስሉን ስክሪንሾት አድርጌ መልሼ ደወልኩ፣ አልገባም። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። አባቴ ባስቀረሁት ምስል ላይ እጁን እንዳነሳ ቆሟል። ምስሉን በሁለት ጣቴ አጎላሁት። ካሜራውስ ጥሩ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ የተጣበቀችው ሰማያዊ ክር ሳትቀር ትታያለች። እጁ ወዴት ሊሄድ እንደነበር ግን አያሳይም።