የረቡዕ ዓሣ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዜማ ያስተማረ የኔታ ነው። ዓይኑ ሲደክም ተማሪዎቹን ለሌላ መምህር አስረክቦ ቤት ዋለ፤ ቤት መዋሉ ግን አልሆነለትም። እናቴ ካረፈች ወዲህማ ከግድግዳው ጋር የሚጣላ ሰው ሆነ። ወጡ ቀጠነ፣ በሩ ጮኸ፣ ምነው ይሄ ሬዲዮ አያርፍም! መልሶ ሰው ያደረገው ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ግድብ ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን መንጠቆ አስይዞ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው! ክሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ይቀመጣል፤ ዓሣ ሲነካው ፊቱ ይበራል። "በጣቴ አየሁት" ይላል።

እኔ ደግሞ፣ እንግዲህ እዩልኝ፣ የከተማው ግብርና መሥሪያ ቤት ውስጥ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ሆቴሎቹ ዓሣ ዓሣ ይላሉ፤ ነጋዴዎቹ ወንፊት የመሰለ መረብ ይዘው ግድቡን ይጠርጉታል፤ ጣት የምታክል ጫጩት እንኳ አትተርፍም። አለቃዬ ይሄንን አይቶ አዲስ መመሪያ አረቀቀ። መረብም መንጠቆም፣ ሁሉም ክልክል!

ረቂቁን ሳነብ ደሜ ፈላ። "መንጠቆ ምን አጠፋ? መረቡ ይከልከል፤ በመንጠቆ የተያዘ ትንንሹ ይለቀቅ፤ ሰውም ይዝናና፣ እንግዳም ይምጣ" አልኩ።

አለቃዬ ሳቀብኝ። "አንቺ ደግሞ! የጎንደር ሰው የያዘውን ዓሣ መልሶ ሲለቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላየሁም። እልኸኛ ነኝና "መጥታችሁ እዩ!" አልኩ። እሱም ለረቡዕ ቀጠረኝ፤ የሚለቅ ሰው ካላየ መመሪያውን እንዳለ ሊፈርመው።

ማታውኑ አባቴ ቤት ሄጄ መንጠቆ ሊከለከል እንደሆነ፣ ረቡዕም ሊያዩ እንደሚመጡ ነገርኩት። ይቆጣል ስል የመንጠቆውን ክር ጠቅልሎ አስቀመጠ። "እንግዲህ ቤት ልዋላ" አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዬ ሁለት ባልደረቦቹን አስከትሎ በመኪና መጣ። ሲወርዱ ምን ቢያወርዱ ጥሩ ነው? ከሰል፣ መጥበሻ፣ ዘይትና ሎሚ! "ከመጣን አይቀር ትኩሱን እንቅመሰው እንጂ" አለኝ። ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ።

አባቴ ከነጋቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ብዙ ጠበቅን፤ አለቃዬ ማዛጋት ጀመረ። ድንገት ክሩ ተወጠረ፤ አባቴም ብድግ አለ። "ያዟት! ያዟት!" ሁላችንም ጮኽን። ክንድ የሚያህል ቆሮሶ እየተንፈራገጠ ወጣ። እንዲህ ያለ ዓሣ ከዚያ ግድብ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

አለቃዬ ቢላውን ይዞ ሮጠ። "የኔታ፣ ወዲህ ይበሉት! ዘይቱ ግሏል!"

"ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለ አባቴ።

"ረቡዕ ነው። ግን ዓሣ እኮ የጾም ነው፣ የኔታ!"

"የማን ጾም?" አባቴ ቆጣ አለ። "እኔ በያዝኩት ዓሣ ሰው ጾም ሊገድፍ? የለም!" ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን በጥንቃቄ ነቀለና ዓሣውን ውኃው ውስጥ አደረገው። ዓሣው ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ጅራቱን መታና ጥልቅ!

የየኔታ ልጅ ሆኜ ይሄ እንዴት አልታየኝም! አለቃዬ ቢላውን እንደያዘ አንዴ መጥበሻውን፣ አንዴ እኔን ያያል። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

"የጎንደር ሰው ሲለቅ አየህ?" አልኩት።

"ይሄማ ጾም ሆኖ ነው።"

"ታዲያ ጾማችን ትንሽ ነው እንዴ!"

እሱም መሳቅ ጀመረ። መመሪያው ተሻሻለ፤ መረብ ክልክል፣ መንጠቆ ፍቁድ፣ ጫጩት ይለቀቅ፣ በጾም ቀን ደግሞ የተያዘው ሁሉ ይመለስ ተባለ። ዛሬ ግድቡ ዳር በሰሌዳ ተጽፎ ቆሟል።

በኋላ አንድ ሐሙስ ቀን አባቴን ላየው ግድቡ ዳር ሄድኩ። ሸጋ ቆሮሶ አውጥቶ፣ እያየሁት መልሶ ለቀቀው።

"ምነው አባባ? ዛሬ እኮ ፍስክ ነው!"

"መች ጠፋኝ" አለ፣ እጁን በጋቢው እየጠረገ። "እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤት የሚጠብቀኝ የለ። ይሄ እንኳ ይጠብቀኝ ብዬ ነው።"

ቅዳሜ መንጠቆ ገዛሁና ከጎኑ ተቀመጥኩ።