መብራት የሄደበት ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ ከሳሪስ አቦ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ረዳቱ ከኋላ ያለው የሽንኩርት ጆንያ ላይ እንዲያስቀምጠው ሲጠይቀው፣ ልጁ "ይሰበርብኛል ወንድሜ" ብሎ ይበልጥ ጠበቅ አደረገው። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚጫወት ጠየቅኩት። መለሰልኝ፤ መልሱን ግን በቅጡ አልሰማሁትም። ሐሳቤ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር።

በእሱ ዕድሜ እኔም በዚሁ መንገድ ጊታር ታቅፌ እመላለስ ነበር። አራት ነበርን። እኔ ጊታር፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆነው ተፈራ ድራም፣ አባቱ ሳሪስ አቦ ገበያ አጠገብ ካሴት ቤት የነበራቸው ሀይሩ ቤዝ ጊታር እንጫወት ነበር፤ ዘፋኛችን ዳዊት ነበር። የሀይሩ አጎት ከዱባይ ካመጧቸው ዕቃዎች ጋር የፈረንጅ ጎረምሶች ካሴት አብሮ መጣ። ዘፈኖቹ አጫጭርና ጥድፊያ የበዛባቸው ነበሩ፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፣ ዜማው ግን እንደ ልጆች ጨዋታ ወዲያው አፍ ላይ ይቀራል። ፖፕ ፓንክ እንደሚባል ያወቅነው ቆይተን ነው። የሀይሩ አባት ጋሽ ሱልጣን ከስልጤ መጥተው በንግድ የኖሩ፣ ነገርን አገላብጠው ካላዩ የማይፈርዱ ሰው ናቸው። አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና "እነዚህን ልጆች ማን ነው የሚያሳድዳቸው?" ብለው ጠየቁን።

እኛ ግን ልባችን ተሰርቆ ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር በአማርኛ ልንሠራ ተነሣን። የመጀመሪያው አልበማችን ሳይሳካ ቀረ። የስቱዲዮው አቀናባሪ የተፈራን ድራም በኪቦርድ ተካው፣ የእኔን ጊታር ከኋላ ደበቀው፣ ፍጥነቱንም ለሠርግ ጭፈራ እንዲመች አረገበው። ካሴቱ የጋሽ ሱልጣን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ከረመ። ሰው በመጀመሪያ ሥራው ቢወድቅ "ገና ልጅ ነው" ይባልለታል። በሁለተኛው ከወደቀ ግን ምክንያት የሚፈልግለት የለም። ስለዚህ ሁለተኛውን አልበም በራሳችን መንገድ፣ አንድ ላይ ቆመን እየተጫወትን ልንቀዳ ቆረጥን። ካልሆነም ልንበተን ተስማማን።

አቃቂ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ውስጥ አሮጌ ድራም ነበር። አዳራሹን ለአንድ እሁድ ፈቀዱልን። ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩት ጋሽ በቀለ መቅጃቸውን ይዘው ሊመጡ ቃል ገቡ። በዚያው ሳምንት ዳዊት ለማንም ሳይነግር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ወሬውን የነገሩን እናቱ ናቸው፤ እያለቀሱ ስለነበር መቆጣት እንኳ አልቻልንም።

እሁድ ደረሰ። ክረምቱ ወጥቶ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር። ዘፋኝ ስለሌለን እኔ ልሞክር አልኩና ጀመርኩ። ጋሽ በቀለ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ላይ ቀስ ብለው አወለቁ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባሰብኝ። ሀይሩ ጊታሩን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ የተፈራ ታላቅ እህት ፀሐይ ለወንድሟ እርጥብ በወረቀት ጠቅልላ መጣች። የፋብሪካው የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ፈረቃዋን ጨርሳ መውጣቷ ስለነበር ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። በዳቦው መሃል ያለው ድንችና ቃሪያ ገና ትኩስ ነበር፣ ሁላችንም ተሻምተን በላን። እሷ በሩን ተደግፋ ቆማ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ዜማውን እንደሳትኩት ነገረችኝና እንዴት እንደሆነ በለሆሳስ አሳየችኝ። ተፈራ ከየት እንደምታውቀው ጠየቃት።

"ጠዋት ማታ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ስትደበድብ ምን ላድርግ?" አለችው። "ሥራ ቦታም እዘፍነዋለሁ። ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አይሰማኝም።"

ጋሽ በቀለ ማዳመጫውን መልሰው አጠለቁ። "እስቲ ወደ ማይኩ ቅረቢ፣ ልጄ" አሏት።

እንቢ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቀረበች። ያ ድምፅ ያን ሁሉ ዓመት በማሽን መሃል ሲገፋ ኖሮ፣ የእኛን ጊታር እንደ ቀላል ነገር ነበር የሚያልፈው። ሻካራ ነው፣ ግን አይሰበርም። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ቀዳናቸው። የቀረን የመጨረሻው፣ የፋብሪካ አውቶቡስ ስላመለጠው ሰው የሚያወራው ነበር።

ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር። የእኛ ሰፈር ተራ ከመድረሱ በፊት እንጨርሳለን ብለን ነበር፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ስንደርስ ግን ሄደ። የእኔም የሀይሩም ጊታር አንድ ላይ ዝም አለ። ተፈራ ደንግጦ ወደ እኔ አየ፣ እጁ ግን አላቆመም። ፀሐይም አላቆመችም።

ሰርቪሱ ቢያመልጠኝ፣ በእግሬ እመጣለሁ፤
ጭቃው ቢይዘኝ እንኳ፣ ጫማ እጥላለሁ።

ጋሽ በቀለ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ መቅጃው አመለከቱ። መቅጃው በመኪና ባትሪ ነበር የሚሠራው፤ የካሴቱ ክር ይዞራል። ከውጭ በበሩ በሚገባው ብርሃን ብቻ አዳራሹ ደብዘዝ ብሎ፣ ድራምና አንድ ድምፅ ብቻ ቀሩ። ስንቀልድበት የኖርነው ግጥም እሷ አፍ ውስጥ ሲገባ እንደ ስእለት ሆነ። በዚያ የሚያልፉ የፋብሪካው ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ የጣሪያው ላይ እርግቦች ብቻ ይሰሙ ነበር።

"ይህ እንዳለ ይውጣ" አሉ ጋሽ በቀለ። "አንድም ነገር አትንኩት።"

አልነካነውም። አልበሙ አገር አላዳረሰም፤ ግን በዚያ ዓመት የአቃቂ ታክሲዎች ያን ዘፈን እየደጋገሙ ከፈቱት፣ ሰዎችም ጋሽ ሱልጣን ሱቅ እየመጡ "መብራት የሄደበት አለ?" ይሉ ነበር። ሦስተኛ አልበም አልሠራንም። ፀሐይ አግብታ ወለደች፣ በሕመም ጡረታ እስክትወጣ በፋብሪካው ሠራች፤ እኛም እያንዳንዳችን በየእንጀራችን ተበታተንን።

ያን ቅዳሜ የምሄደው እሷን ልጠይቅ ነበር፤ ጉልበቷን አሟታል። ጨዋታ ስናነሳ፣ መብራቱ ሲሄድ ምን እንዳሰበች ጠየቅኳት። በዚህ ሁሉ ዘመን ጠይቄያት አላውቅም።

"ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር አላየሁም" አለች። "ጊታሮቹ ዝም ሲሉ፣ ድምፄ እንዲሰማ ብላችሁ መስሎኝ ነበር። ለዚያ ነው እንደዚያ የዘፈንኩት። በኋላ መብራት ሄዶ ነው ስትሉኝ ትንሽ ቅር አለኝ።"

እሷ ሳቀች። እኔ ወዲያው መሳቅ አልቻልኩም። ያን ድምፅ ያመጣው የመብራቱ መሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ በጩኸት መሃል ለራሷ ስትዘፍን የኖረች ሴት፣ ለአንዴ ሰው ዝም ያለላት መስሏት ኖሯል። መስሏት ብቻ እንደዚያ ከዘፈነች፣ እውነት ሆኖ ቢሆንማ ምን ልንሰማ እንደነበር እያሰብኩ ዛሬም ይገርመኛል።