«ቦርዱ ነው» ያልኳት ዕለት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ምን ብዬ ልጀምርላቸው? «አባቴ፣ ላፕቶፕ ጠግኜ ነበር» ልበል?

ላፕቶፕ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ዘይነባ የምትባል ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ ገባች። አልበራ ብሏታል። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ዓርብ ከቀትር በፊት ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ጨርቅ ነጋዴው አባቷ ታመው አልጋ ይዘዋል፤ ምርቃቷን ለማየት ነው የጓጉት። ይህን ሁሉ ነግራኛለች። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

በሽታውን ገና ሳልነካው ጠርጥሬ ነበር። መድኃኒቱም ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪውን ማውጣት፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ እስከ ሠላሳ መቁጠር፣ ከዚያ ቻርጀሩን መልሶ ማብራት ነው። በቃ። ታዲያ ለምን እዚያው ፊቷ አላደረግሁትም? በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛ ይህንኑ ሳደርግ ሲያየኝ «ምነው፣ ሙያ የምትለው ይችን መጫን ነው?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣም። ባለሙያ መባል እወድ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ቦርዱ ነው፤ ዋናው የውስጥ አካሉ ተበላሽቷል። ዓርብ ከሰዓት ተመለሽ» አልኳት።

«በአላህ ወንድሜ፣ ጽሑፉን ብቻ በፍላሽ አውጣልኝ።»

«ከነካሁት ጭራሽ ይጠፋል» አልኳት። ዋሸሁ። ያውም ግንባሬን ቋጥሬ፣ እንደ ሐኪም ሆኜ ዋሸሁ።

ከደጄ ብዙም ሳትርቅ ሠላሳ ቆጠርኩ። በራ። ሮጬ ልጠራት እችል ነበር፤ ስልኳም ነበረኝ። አልጠራኋትም። ሐሙስ ራሷ ስትደውል ላፕቶፑ ፊቴ በርቶ «እየሠራሁበት ነው» አልኳት። እንዴት ያለ ልብ ነው የነበረኝ? ዓርብ ከሰዓት መጥታ ወሰደች። ሰዓቱ አልፎባታል፤ እያለቀሰች አመሰገነችኝ።

ዘይነባ በዚያ ዓመት አልተመረቀችም። አባቷ የሚቀጥለውን ምርቃት ሳያዩ አረፉ።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። እንዴት ደፍሬ እንደሄድኩ አላውቅም። ዘይነባ እናቷን ጠርታ «እማ፣ ያን ጊዜ ጽሑፌን ከመጥፋት ያተረፈልኝ እሱ ነው» አለቻቸው። እናትየዋ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ እጅህን ይባርከው የኔ ልጅ፤ የሰው ጭንቅ ያየህ፣ ጭንቅ አይይህ» አሉኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ምን ልበል? አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ። የገደልኩትን ተስፋ ለቅሶ ተቀምጬ፣ ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ልጅነት ነው አልልም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ዘይነባ አሁን ኮላ ድባ ታስተምራለች፤ ሰው ላፕቶፕ ሲበላሽበት ወደ እኔ ትልካለች። በቀደም የላከችው መምህር ዕቃውን ጥሎልኝ ሊወጣ ሲል «መቼ እንደምመጣ አንተ ንገረኝ፤ ቃሉ አንድ ነው ብላኛለች» አለኝ።

ለእናንተ መናገር ቀሎኛል፤ ፊቴን አታዩትማ። ለእሷ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።