ዘይኑልአቢዲንና የተገለበጠው ማልያ

የብስክሌት መንፊያ ሲጥ ሲጥ ሲል በሰማሁ ቁጥር ከሐይቁ ዳር የነበረው ሜዳችን ትዝ ይለኛል። ዘይኑልአቢዲን ይነፋል፤ ወልዴ የኳሱን ከመነዳሪ አፍ በጣቱ ይይዛል። የኳሱ ስፌት ሲተረተር ወደ ወልዴ እናት፣ ወደ እትዬ ስህን እንሮጣለን። በወስፌ ሰፍተው፣ ቆሎ ዘግነው ይሰዱናል። ለዘይኑ «የሚነፋ ሰው ጉልበት ያልቅበታል» እያሉ አንድ እፍኝ ይጨምሩለት ነበር።

ዛሬ ወልዴ የከተማችንን ወጣቶች ኳስ ያሠለጥናል፤ ዘይኑ ስልክ ይጠግናል። አምና አንድ የብሮውዘር ድርጅት፣ በስልክ ኢንተርኔት የምንከፍትበትን መተግበሪያ የሚሠራ ማለት ነው፣ ለቡድኑ ስፖንሰር እንዲሆን በደብዳቤ ያግባባው ዘይኑ ነው። ኳስ የሚያይ ሰው ስልክ አለው፤ ዓርማውን ደጋግሞ ካየ መተግበሪያውን ይጭናል ብሎ ጻፈ። ማልያውም የመጓጓዣ መኪናውም ኪራይ ተገኘ።

የፍጻሜው ጨዋታ ውጫሌ ላይ ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው እትዬ ስህን ዐረፉ። ልጆቹ ጥቁር ልብስ የላቸውም። ሐዘንተኛ ነጠላውን እንደሚያዘቀዝቅ እነሱም ማልያቸውን ገልብጠው ለብሰው ሜዳ ገቡ። ደረቱ ላይ ያለው የድርጅቱ ዓርማ ወደ ውስጥ ዞረ።

ዘይኑ ድርጅቱ የጠየቀውን ፎቶ ሊያነሳ ቆሞ ነበር። ወደ ወልዴ ጠጋ ብሎ፣ ዓርማው ካልታየ የከርሞው ድጋፍ እንደሚቀር በሹክሹክታ ነገረው። ወልዴ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«አስተካክላችሁ ልበሱት» አላቸው።

በሕዝብ ፊት አውልቀው መልሰው ለበሱ። አሸነፉም፤ የጨፈረ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ወልዴ ዘይኑን ሰላምታ አልነፈገውም፤ ወግና ጨዋታ ነፈገው እንጂ። ዘይኑም ድጋፉ ከቀጠለ «ለልጆቹ ብዬ ነው» የምልበት አፍ አገኛለሁ እያለ ይጠብቅ ጀመር።

ድርጅቱ መተግበሪያውን ስንት ሰው እንደጫነው በጠየቀ ጊዜ ዘይኑ ስልክ ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ ጠየቀ። ማልያውን የማያውቅ አልነበረም። ከአርዲቦ የመጡ አንድ አባት ግን ዓርማው የቀለም ፋብሪካ መስሏቸዋል። የውጫሌዋ ነጋዴ ኑርሀያት፣ ስልኬ ስገዛው አብሮት የመጣው ኢንተርኔት ይከፍትልኛል፣ ሌላው ምን ያደርግልኛል አለችው። ቀጥላም፣ እሱ መሆኑን ሳታውቅ፣ «ያ የሐዘኑን ማልያ መልሶ ያስገለበጠው ሰውዬ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ዘይኑ አቀርቅሮ የስልኳን መስታወት ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መልሱ መጣ። ድጋፉ ቀርቷል። ወልዴ ሱቁ ሲገባ እኔም እዚያው ተቀምጫለሁ። ዘይኑ የቡድኑን መንፊያ ጠግኖለት ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል። ደብዳቤውን አነበበለት።

«ስንት ሰው ጫነው?» አለ ወልዴ።

«አራት።»

«እነማን?»

መዋሸት ይችል ነበር። «እኔው ነኝ የጫንኩት፤ ሰዎች ሊያሠሩ ባመጡት ስልክ ላይ፣ ሳልነግራቸው።»

ወልዴ ወደ መንፊያው ተመለከተ።

«የእትዬ ስህንን ሐዘን፣ ወልዴ… ለአራት ስልክ» አለ ዘይኑ፤ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ወልዴ ብድግ አለ። መንፊያውን በጣቱ ነካ አደረገው፤ አላነሳውም። እንደ ወትሮው «ደህና ዋሉ» እስኪለን ጠበቅሁ። እሱንም ሳይለን የሱቁን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ወጣ።